ከአመጋገብ መታወክ የሚያገግም ልጅ ምን ይብላ? ወላጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ልጄ በ14 ዓመቷ መብላት ተወች። በአንድ ጀንበር አይደለም። መጀመሪያ ኬክ ተወች፣ ቀጥሎ ዘይት ያለበትን ሁሉ፣ ቀጥሎ እንጀራን። ከዚያ «ጾም ነው» መጣ፣ ከዚያ «ትምህርት ቤት በልቼ ነው የመጣሁት»። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ የሥነ ምግብ ባለሙያም አይደለሁም፤ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ዋና ሥራዬ እሷን ማብላት ነበር፣ ሐኪሞቿ የነገሩኝን ከእኛ ቤት ማዕድ ጋር ማስማማት ደግሞ የራሴ የቤት ሥራ ሆነ። አሁን የሐበሻ ወላጆች ይደውሉልኛል፣ ከዲሲም ከአዲስ አበባም። ጥያቄያቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። እዚህ ውስጥ የኪሎም የካሎሪም ቁጥር አታገኙም። ረስቼው አይደለም። ልጃችሁ ስልካችሁን አንስታ ልታነበው ትችላለች፣ እንዲህ ያለ ቁጥር ደግሞ ለዚህ በሽታ ማገዶ ነው።

ይሄ ነገር በሽታ ነው ወይስ የፈረንጅ አገር ቅብጠት?

በሽታ ነው። እንዲያውም አኖሬክሲያ የሚባለው ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ሰው በብዛት ከሚገድሉት አንዱ ነው። አኖሬክሲያ ያለባት ልጅ ምግብ ትቀንሳለች፣ ክብደት መጨመርን እንደ እሳት ትፈራለች፣ መስታወት ፊት ቆማ የምታየውና እናንተ የምታዩት አንድ አይደለም። ቡሊሚያ ደግሞ በአንድ ጊዜ ብዙ በልቶ፣ ከዚያ በማስመለስ ወይም በሚያስቀምጥ መድኃኒት «ለማስወጣት» መሞከር ነው። ሳያስመልሱ ተደብቀው ከመጠን በላይ የሚበሉም አሉ። ስለ ክብደት ግድ የሌላቸው፣ ግን ምግቡ እንዳያንቃቸው ፈርተው ወይም ሽታውና ልስላሴው አስጠልቷቸው የማይበሉም አሉ። ወንዶችንም ይይዛል።

በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሌለው እኛ ሌላ ስም እንሰጠዋለን። የእኔ ዘመዶች «ዓይን ነው» አሉ። «ቡዳ በልቷት ነው» ያሉም ነበሩ። አልበላም ያለችው ልጅቷ፣ ተበላች የምንለው እሷኑ፤ ትዝ ሲለኝ ያስቀኛል፣ ያስለቅሰኛልም። ጠበል መውሰድ የሚፈልግ ይውሰድ፣ እኔም ወስጃታለሁ። ብቻ ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ስለሆነ ሕመሟን ለካህኑ አስቀድማችሁ ንገሩ።

ደግሞ የግድ ከሲታ መሆን የለባትም። ሞላ ያለች ልጅ በአጭር ጊዜ ብዙ ከከሳች፣ ሚዛኑ «ልክ ነው» እያለ ልቧ ሊዳከም ይችላል። እኛን መጀመሪያ ያየን ሐኪም «ጎበዝ፣ ቀንሳለች» ብሎ ሸኘን። በዚያ ምክንያት ሦስት ወር ባከነ።

ታዲያ ለእሷ «ጤናማ አመጋገብ» ማለት ምንድን ነው?

የምታውቁትን ጤናማ አመጋገብ ለጊዜው እርሱት። ዘይት ቀንስ፣ ስኳር ተው፣ ማታ ቀለል ያለ ነገር ብላ፤ ይሄ ለአባቷ የደም ግፊት ደግ ምክር ነው፣ ለእሷ ግን የበሽታው ቋንቋ ነው። ለእሷ ጤናማ ማለት በቂ ምግብ በሰዓቱ ማለት ነው። የዓይነቱ ነገር ቀስ ብሎ ይደርሳል።

በሰዓቱ ስል ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት፣ በመካከል ደግሞ ሁለት ወይም ሦስት መክሰስ። ነቅታ ባለችበት ጊዜ ከሦስት አራት ሰዓት በላይ ሆዷ ባዶ አይቆይ። «ሲርበኝ እበላለሁ» አይሠራም። ረሃብና ጥጋብን የሚነግራት ነገር ተበላሽቷል፣ እስኪጠገን የምታምኑት የግድግዳውን ሰዓት ነው። እኛ ቤት በሐበሻ ሰዓት ጠዋት 1 ላይ ቁርስ፣ 4 ላይ መክሰስ፣ 6 ተኩል ምሳ፣ 10 ላይ መክሰስ፣ ማታ 1 ላይ እራት፣ 3 ላይ ወተት ከሆነ ነገር ጋር ነበር። እሑድም፣ ሠርግ ያለ ቀንም፣ ልቅሶ ያለ ቀንም። ልቅሶ ቤት ቦርሳዬ ውስጥ ሳንድዊች ይዤ የሄድኩባቸው ቀናት አሉ።

በቂ ስል ደግሞ ከምትገምቱት በላይ ነው። ልቧም፣ አጥንቷም፣ ጡንቻዋም፣ አንጎሏም ሲራቡ ከርመዋል፣ በዚያ ላይ ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ ናት። ከእኩዮቿ በላይ፣ አንዳንዴ ከአባቷም በላይ ልትበላ ትችላለች፣ አትደንግጡ። ልኩን ሐኪሟና የሥነ ምግብ ባለሙያው ይንገሯችሁ፤ የጎረቤት ልጅ የምትበላውን አይታችሁ አትለኩላት።

የምንበላው ከአንድ ትሪ ነው። ምን ያህል እንደበላች በምን አውቃለሁ?

ይሄን ጥያቄ እዚህ አገር ያሉት ሐኪሞቻችን ሊመልሱልኝ አልቻሉም። አምስት እጅ ትሪው ላይ ይገባል፣ ይወጣል። እሷም ትቆርሳለች፣ ወጡን ትነካካለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታጎርሳለች፣ ትስቃለች። ትሪው ባዶ ይሆናል፣ ሁሉም በላ ትላላችሁ። እሷ የበላችው ሦስት ጉርሻ ነው። ከአንድ ማዕድ መብላታችን ይሄን በሽታ ለወራት ደበቀብን።

ሐኪሞቹ «ለብቻዋ ሳህን ስጧት» አሉ። ሰጠኋት። አለቀሰች። «እኔን እንደ በሽተኛ ለምን ትለዩኛላችሁ» አለች፣ እውነቷን ነው፣ በእኛ ቤት ዕቃ የሚለይለት ለማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። በኋላ ያገኘነው መላ ለሁላችንም ሳህን ማድረግ ነበር። ስድስት ወር ሙሉ ትሪ አልቀረበም። ልኩን የማወጣው እኔ፣ ሳህኑን የማነሳውም እኔ። አንድ የማውቃቸው ቤተሰብ ደግሞ ትሪውን ሳይተዉ፣ የእሷን ወጥ በእሷ በኩል አስቀድመው አውጥተው፣ የእሷን ጥቅል እንጀራ ከፊቷ አስቀምጠው ተሳክቶላቸዋል። የትኛውም ይሁን፣ ከፊቷ የተቀመጠው ሲያልቅ በዓይናችሁ እዩ።

ጉርሻ ሲያግዝም ሲያበላሽም አይቻለሁ። አባቷ ሲያጎርሳት ትቀበለው ነበር፣ የሳህኗን የመጨረሻ ሩብ ብዙ ቀን ያስጨረሳት እሱ ነው። አክስቷ ስታጎርሳት ግን ተነሥታ ትሄዳለች። ስለዚህ ጠይቋት። ጉርሻውም ከራሷ ድርሻ ላይ የተነሳ ይሁን፣ ሳትጠብቀው የሚጨመርባት ምግብ ያስበረግጋታል።

ምን ምን ላብላት?

ለአራስ የምናደርገውን አስታውሱ። ገንፎ በቅቤ፣ አጥሚት፣ ጨጨብሳ በማር። አቅም ያለቀባት ሴት እንዴት እንደምትጠገን የሚያውቅ ባህል አለን፣ ለታመመች ልጅ ሲሆን ግን ሾርባና ሰላጣ እንፈልጋለን። መጀመሪያ ላይ ሆዷ ብዙ አይችልም፣ ስለዚህ በትንሹ ብዙ ጉልበት የሚሰጥ ምግብ ይሻላል። በንጥር ቅቤ የተሠራ ቂንጬ፣ እንቁላል፣ ስቡ ያልወጣለት እርጎና ወተት፣ አቮካዶ በወተት የተፈጨ፣ በሶ በማር፣ ዳቦ በለውዝ ቅቤ፣ ሙዝ፣ ቆሎ ከለውዝ ጋር። ጎመን፣ ሰላጣና ሐብሐብ አይከለከሉም፤ ግን ሆድ ሞልተው ቦታ ይይዛሉና ጎን ለጎን እንጂ ዋና ምግብ አይሁኑ።

በየሳህኑ እንጀራ ወይም ዳቦ ወይም ፓስታ ይኑር። ሽሮ ወይም ምስር ወይም ሥጋ ወይም እንቁላል ይኑር። ስብ ይኑር። ስቡን ነው ወላጆችም አብረው የሚፈሩት፣ በተለይ እናቶች፣ ምክንያቱም እኛም «ቦርጭ» እያልን ነው ያረጀነው። ስብ ግን ለአንጎልም ለሆርሞንም ያስፈልጋታል፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችም ያለ ስብ ወደ ሰውነት አይገቡም። የዶሮ ወጥ ላይ የተንሳፈፈውን ዘይት በማንኪያ እየቀነሳችሁ አትስጧት።

ለአጥንቷ ወተት፣ እርጎና አይብ አብዙ። ከ9 እስከ 18 ዓመት ላለ ልጅ የሚመከረው ካልሲየም በቀን 1,300 ሚሊ ግራም ነው፣ ከአዋቂ ይበልጣል (ይሄኛው ቁጥር አያስፈራም፣ ለዚያ ነው የጻፍኩት)። አብዛኛው የአጥንት ክምችት የሚጠራቀመው እስከ 20 ዓመት አካባቢ ድረስ ስለሆነ አሁን የጎደለውን በኋላ መሙላት ከባድ ነው። ጤፍ ብረትም ካልሲየምም አለው፣ ጥሩ ነው፣ ግን ጤፍ ብቻውን አይበቃም።

የምትፈራቸው ምግቦች ዝርዝር ይኖራል። የእኔዋ ፒዛ፣ ጨጨብሳና ድፎ ዳቦ ነበር የምትፈራው። በመጀመሪያው ሳምንት አይደለም፣ ሰዓቱን ከለመደች በኋላ አንድ በአንድ መመለስ አለባቸው። ድፎ ዳቦው ሰባት ጊዜ አስለቅሷታል፤ በስምንተኛው ዝም ብላ በላችው።

«ሆዴ ሞልቷል፣ ጨጓራዬን አሞኛል» ትላለች። እውነት ነው ወይስ ሰበብ?

ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ሲራብ የከረመ ጨጓራ ምግብ ወደ ታች የሚያወርድበት ፍጥነት ይቀንሳል። ትንሽ በልታ ይነፋታል፣ ሆድ ድርቀትም አለ፣ እየዋሸች አይደለም። ችግሩ መድኃኒቱ ራሱ ምግብ መሆኑ ነው፤ በሰዓቱ ስትበላ በሳምንታት፣ አንዳንዴ በወራት ውስጥ እየተስተካከለ ይመጣል። ሆዷ ላይ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ማድረግ፣ ጥሬ አትክልት መቀነስ፣ ከምግቡ ከፊሉን በሚጠጣ መልክ መስጠት ያግዛል።

ግን እኛ አገር «ጨጓራ» የማይከፍተው በር የለም። ጨጓራ ያለበት ሰው ሽሮ አልበላም፣ ዘይት አልበላም፣ በርበሬ አልበላም ቢል ማንም አይከራከረውም። ልጆቹ ይሄን ያውቃሉ። ሐኪም መርምሮ ጨጓራ ካላለ በስተቀር በጨጓራ ስም ምግብ አታስወጡ።

ቶሎ እንድትድን በአንዴ ብዙ ባበላትስ?

እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ለብዙ ቀን ምንም ያህል ያልበላች፣ ወይም በጣም በፍጥነት የከሳች፣ ወይም የምታስመልስ ልጅ በድንገት ብዙ ምግብ ሲገባላት በደሟ ውስጥ ያለው ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም ሊወርድ ይችላል፣ ልብንም ያውካል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ተርበው ከቆዩ እስረኞች ላይ በደንብ የታየ ነገር ነው። አገር ቤት ያሉ ነርሶች ነገሩን በሌላ በኩል ያውቁታል፤ ከባድ የምግብ እጥረት ያለበት ሕፃን ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚሰጠው ኤፍ-75 የሚባለው ቀለል ያለ ወተት ነው፣ ሲረጋጋ ነው ወደ ኤፍ-100 የሚሻገረው። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከደም ምርመራና ከሐኪም ጋር ይሁኑ።

ይሄን ካነበባችሁ በኋላ ደግሞ ፈርታችሁ ለወር በቁንጥጫ አታብሏት። ሐኪሙ «ቀጥሉ» ካለ ቀጥሉ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው በማብዛት ሳይሆን በማሳነስ ነው።

ጾምስ?

እስክትድን አትጾምም። ሰዓት መጠበቅም የለም፣ ከፍስክ መከልከልም የለም።

ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። የእኛ ልጅ በሽታዋ ሲጀምር ጾመኛ ሆነች፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ከዚያ ዐቢይ ጾምን 55ቱንም ቀን፣ ከዚያ ነቢያትን፣ ጭራሽ የጽጌን ጾም፣ የፈቃድ የሆነውን። ቤተሰቡ ሁሉ ደስ አለው። «ልጅሽ ተባረከች» ተባልኩ። ከዚያ በፊት ፍልሰታን እንኳ በልመና ነበር የምትጾመው። አንዲት ልጅ ድንገት ጾም ስታበዛ፣ በተለይ ጾሙ ሲፈታ የማትፈታ ከሆነ፣ ፋሲካ ዕለት ዶሮ ወጡን ከሸሸችው፣ ነገሩ የመንፈስ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ለታመመ ሰው ጾምን ማቅለል በቤተ ክርስቲያን ያለ ነው፣ ከንስሐ አባት ጋር ተነጋገሩ። ዋናው ነገር ለእናንተ ሳይሆን ለእሷ፣ በቀጥታ፣ በአንደበታቸው ይንገሯት። የእኛ አባት ቤት ድረስ መጥተው «ለአንቺ ዘንድሮ መታዘዝ ማለት መብላት ነው» አሏት። እኔ ያንኑ መቶ ጊዜ ብላት አትሰማኝም ነበር። ቤቱ ሲጾም ደግሞ እሷን ብቻዋን ፍስክ ፊት አታስቀምጧት። አባቷ ያን ዓመት አብሯት በላ። እኔ ጾምኩ፣ ግን ገበታው ላይ አብሬ ተቀመጥኩ።

ለሙስሊም ቤተሰቦችም የረመዳን ነገር እንዲሁ ነው። ቁርኣን በአል-በቀራህ ምዕራፍ አንቀጽ 184 እና 185 ላይ የታመመ ሰው በሌላ ቀን እንዲጾም ይፈቅዳል። ቀኑን ሙሉ ተርቦ ማታ በአንዴ ብዙ መብላት በተለይ ቡሊሚያ ላለበት ልጅ በሽታውን መልሶ እንደ መቀስቀስ ነው። ኢማማችሁንና ሐኪማችሁን አማክሩ።

ድና፣ ሐኪሟ ፈቅዶ፣ ሰዓት ሳትጠብቅ የጾም ምግብ ብቻ ልብላ ካለች ደግሞ ጎመንና ድንች ብቻ አይሁን። አቮካዶ፣ ለውዝ፣ ሱፍ፣ ተልባ፣ ዘይት የጠገበ ሽሮ፣ ምስር ይኑርበት። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋፅኦ ስለሚገኝ ጾሙ ረጅም ከሆነ እንክብል ያስፈልጋት እንደሆነ ጠይቁ።

ኩሽና ውስጥ ስትሠራ ትውላለች፣ የምግብ ቪዲዮ ታያለች፣ ለእኛ ኬክ ትጋግራለች። ራሷ ግን አትቀምስም። ምንድን ነው?

ረሃብ ነው። በ1944 እና 1945 አሜሪካ ውስጥ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለ ተመራማሪ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል ግማሽ ረሃብ ላይ አቆያቸው። ከጦርነቱ በኋላ የተራበውን ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ለማወቅ ነበር። ሰዎቹ ቀንም ሌትም ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ማንበብ፣ ሳህን ላይ ምግቡን እየቆራረጡ ማዘግየት። በረዳቸው፣ ተናደዱ፣ ተከዙ፣ ከሰው ራቁ። ስለ ቁመናቸው ተጨንቀው አልነበረም፣ ተርበው ነው እንጂ። መብላት ሲፈቀድላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ለወራት ሆዳቸው የማይሞላ ሆኖ ቆየ።

ይሄን ሳውቅ ብዙ ነገር ገባኝ። ጠባይዋ ተበላሸ ያልኩት ግማሹ ረሃብ ነበር። አገግማ ድንገት አይጠረቃ ረሃብ ሲይዛትም «ወደ ሌላ በሽታ ተሻገረች» ብላችሁ እጇን አትያዙ፣ ለሐኪሟ ንገሩና አብሏት። ለጊዜው ከኩሽና ግን አውጧት። ቅቤውን ስትቀንስ አታዩአትም።

ገበታ ላይ ትጮሃለች፣ ታለቅሳለች። ምን ልበላት?

ጥቂት ቃል ብቻ ተናገሩ። ለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ውስጥ በ1980ዎቹ የተጀመረ አንድ ሕክምና አለ፣ በቤተሰብ ላይ የተመሠረተ ሕክምና ይባላል፣ ለልጆች አኖሬክሲያ ከተሞከሩት ሁሉ የተሻለ ማስረጃ ያለው ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ልጅቷ ስለ ምግብ ለመወሰን ለጊዜው አትችልም፣ ስለዚህ ምን፣ ስንት፣ መቼ የሚለውን ወላጅ ይወስናል፤ ስትሻሻል ቀስ እያለ ይመለስላታል። ይሄ ለሐበሻ እናት አዲስ ነገር መሆን አልነበረበትም። እኔ ግን «እዚህ አገር ልጅ አይገደድም» ብዬ እጄን አጣጥፌ ነበር።

ሳህኑ ላይ ድርድር የለም። «ግማሹን ልተወው?» «አይ።» ድምፃችሁን ዝቅ፣ ቃላችሁን አጭር አድርጉ። «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ጉርሻ ውሰጂ።» ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አውሩ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ኳስ። ምግቡ በግማሽ ሰዓት፣ መክሰሱ በሩብ ሰዓት ቢያልቅ ጥሩ ነው። ካላለቀ በምትኩ የሚጠጣ ነገር፣ ለምሳሌ ሐኪም ያዘዘው፣ በምግብ ንጥረ ነገር የዳበረ የታሸገ ወተት ይቅረብ።

«ስንቱ የሚበላ አጥቶ አንቺ…» አትበሉ። ብዬዋለሁ። ኀፍረቷን ጨመረ እንጂ አላበላትም። «በሞቴ» መጀመሪያ ሠርቶ ነበር፣ በሁለተኛው ሳምንት ግን «እናቴን እየገደልኩ ነው» ብላ ለሐኪሟ ነገረች። ተውኩት። በሞቴ ማለት ለማይርበው እንግዳ ነው።

ከበላች በኋላ መታጠቢያ ቤት ትገባለች። አስመልሳ እንደሆነስ?

ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አብራችሁ ቆዩ፤ ፊልም እዩ፣ ቡና አፍሉ፣ ፀጉር ሥሩላት። ሳትበላ በፊት ሽንት ቤት ትሂድ። ካስመለሰች አትስደቧት፣ የሚቀጥለውን ምግብም አታስዘልሏት፤ የሚቀጥለውን ከዘለለች ትራባለች፣ ስትራብ በአንዴ ብዙ ትበላለች፣ ከዚያ ታስመልሳለች፣ እንዲህ ይዞራል። አፏን በውሃ ትጉመጥመጥ፣ ጥርሷን ግን ወዲያው አትቦርሽ፣ አሲዱ ያላላውን ጥርስ ብሩሹ ይሞርደዋል። የሚያስመልስ ሰው ፖታሲየሙ ስለሚወርድ የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

የሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ሰናማኪ፣ «የቦርጭ ማጥፊያ» የሚባለው ሻይ ከቤት ይውጣ። የሚያስወጡት በአብዛኛው ውሃና ማዕድን ነው፤ ምግቡ እነሱ የሚሠሩበት ትልቁ አንጀት ሳይደርስ ሰውነት ውስጥ ገብቷል።

ልመዝናት?

ቤት ውስጥ አትመዝኗት፣ ሚዛኑን ከቤት አውጡት። ሐኪሙ ይመዝናታል። አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ መንገድ ዳር ሚዛን ዘርግተው የሚቀመጡትን ልጆች አስታውሱ፣ አንዲት እናት ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ሦስቱ ጋ እንደምትቆም የደረሰችበት ከወራት በኋላ ነው።

ዘመድ ሲመጣ «ወፈርሽ፣ አማረብሽ» ይላል። እንዴት ላስቁም?

እኛ ሰው ስናገኝ ከሰላምታ ቀጥሎ የምናወራው ስለ ኪሎ ነው። ስትከሳ «ምን ሆነሽ ነው»፣ ስትወፍር «ተመችቶሻል»። በፍቅር ነው የሚባለው፣ አውቃለሁ። እሷ ግን «ደህና መስለሻል» ሲሏት እንኳ የምትሰማው «ወፍረሻል» ነው። እኔ ለዘመድ ሁሉ አንድ መልእክት በቴሌግራም ላክሁ። «ልጃችን ታማ እየዳነች ነው። ስለ መልኳ፣ ስለ ክብደቷና ስለምትበላው ምንም አትበሉ፤ ስለ ትምህርቷና ስለ ድመቷ ጠይቋት።» ሁለት ሰው ተቀየመ። ሌላው ተባበረ። እናንተም ራሳችሁ መስታወት ፊት «ይሄ ቦርጬ» ማለታችሁን አቁሙ፣ ትሰማለች።

ስፖርትስ?

ልብና ደም ግፊቷ እስኪስተካከል ሐኪሙ ያስቆማል፣ ብዙ ጊዜ የትምህርት ቤቱንም። መኝታ ቤት ተዘግቶ የሚሠራውንም፣ ቆሞ ማጥናትንም ተከታተሉ። ወንዶች ላይ በዚህ በኩል ነው ብዙ ጊዜ የሚመጣው። ጂም፣ የፕሮቲን ዱቄት፣ «ስብ የሌለው ዶሮ ብቻ»፣ ከዚያ ቤተሰቡ «ጎበዝ፣ ሰውነቱን ይጠብቃል» ይላል። ምግብ ከቀረ ስፖርት ይቀራል።

ቡናና ሻይ ትጠጣ?

ከምግብ በፊት አይ፣ ፍላጎትን ይዘጋል። ከምግብ ጋርም አይ፣ ብረት እንዳይገባ ይከለክላል። ከምግብ በኋላ ቆይታ አንድ ስኒ ከስኳር ጋር ብትጠጣ እኔ አልከለክልም፣ ከቡናው ጨዋታው ይጠቅማታል። ስኳር አልባ ለስላሳና ማስቲካ ግን ሆድን ለማታለል ስለሚውሉ ይቅሩ።

የወር አበባዋ ቀርቷል። እንክብል ብትወስድ አይመጣም?

ደም ሊመጣ ይችላል፣ ግን ሰውነቷ ዳነ ማለት አይደለም። በምግብና በክብደት ሲመለስ ነው ትርጉም ያለው። መመለሱ ደግሞ ክብደቷ ከተስተካከለ በኋላም ወራት ሊወስድ ይችላል።

እኔ ራሴ ነኝ ታማሚዋ። እናቴ አታውቅም። ምን ላድርግ?

የኔ ቆንጆ፣ ለአንድ ትልቅ ሰው ንገሪ። ለእናትሽ መንገር ካስፈራሽ ለአክስትሽ፣ ለአስተማሪሽ፣ ለትምህርት ቤት ነርስ። «መብላት እየፈራሁ ነው» በቂ ዓረፍተ ነገር ነው። በቂ አልከሳሁም ብለሽ አትጠብቂ፣ ልጄም እንደዚያ ስትል ነበር የወደቀችው። ወንድሜ አንተም እንዲሁ። ዛሬ ደግሞ የሚቀጥለውን ምግብ ብሉ፣ ትላንት የሆነውን አታካክሱ።

መቼ ነው ሳይዘገይ ሆስፒታል?

ከወደቀች ወይም ራሷን ከሳተች። ነቅታ እያለች የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ። ደረቷን ካመማት፣ ከተምታታባት፣ ስትነሳ ዓይኗ ከጨለመባት፣ መብላት ከጀመረች በኋላ እግሯ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት። ፈጽሞ አልበላም አልጠጣም ካለች። ደም ካስመለሰች። ሞትን ካነሳች፣ «ለማስፈራራት ነው» አትበሉ።

አሜሪካ ላላችሁ በ988 (ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም የአእምሮ ቀውስ ላለበት የሚረዳው መስመር) መደወል ይቻላል፣ ሕይወት አስጊ ከሆነ 911። አዲስ አበባ ያላችሁ በድንገተኛ ሁኔታ ቅርብ ወዳለው ሆስፒታል፣ ከዚያ ለአእምሮው ሕክምና አማኑኤል ሆስፒታልና ጥቁር አንበሳ የአእምሮ ሐኪሞች አሉ። «አማኑኤል ወሰድኳት እንዳይባል» የምትሉኝ ወላጆች አላችሁ። ይባል።

መቼ ነው የሚያልቀው?

በወራት ሳይሆን ብዙ ጊዜ በዓመት ይቆጠራል። ክብደት ቀድሞ ይመለሳል፣ ሐሳቧ ዘግይቶ፤ በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው ሰው «ዳነች» ብሎ የሚዘናጋበት። ደግሞ እያደገች ስለሆነ የዛሬ ዓመት ልክ የነበረው ክብደት ዘንድሮ ልክ አይሆንም።

እኛ ቤት ምግቡን የመለስንላት በየተራ ነው። መጀመሪያ የ10 ሰዓቱን መክሰስ ራሷ መረጠች። ወር ቆይቶ የትምህርት ቤት ምሳዋን። አንድ ሳምንት ተንሸራተተች፣ ምሳውን መልሰን ወሰድን፣ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ሰጠናት። ትሪው የተመለሰው በገና ዕለት ነው። ከወንድሟ ጋር ለዶሮው እንቁላል ተጣሉ፣ እሷ ወሰደችው፣ እኔ ወጥ ልጨምር ብዬ ወደ ኩሽና ሄድኩ።